እንከን የተገኘበት «እኛ»

ከዕለታት አንድ ቀን ብዬ ልጀምር አልችልም፤ ነገሩ የሚሆነው በየዓመቱ ነበርና። ባሕር እንደ ዳቦ ቆራርሶ በበተናቸው ደሴቶች ላይ፣ ዝናቡ አልፎ የጨው መስኩ ሲደርቅ፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ወደቡ ይወርድና ከልጆቹ የአንዱ ጽሑፍ በሚዛን ላይ ሲወጣ ቆሞ ያይ ነበር።

ስለ ጌቶቻቸው አስቀድሜ ልናገር። መጀመሪያ የመጡት የደወል ሰዎች ናቸው። ደወል ሰቀሉ፣ መሬት ከለሉ፣ ቋንቋቸውን ግን በሣጥን ቆልፈው ያዙ። ከደሴቱ ሰው አንዱ በቋንቋቸው «እንደምን አደሩ» ያለ እንደ ሆነ «ይህን ከማን ሰረቅህ?» ተብሎ ይገረፍ ነበር። ሰላምታ ሰርቀሃል ተብሎ ሰው የተገረፈው በዚያ አገር ብቻ ይመስለኛል። በኋላ የደወል ሰዎች አርጅተው ሲደክሙ፣ የደሴቱ ልጆች ተነሥተው ደወሉን ማውረድ ጀመሩ። አውርደው ሳይጨርሱ የመርከብ ሰዎች ደረሱ።

«ልናግዛችሁ ነው የመጣነው» አሉ።

እውነትም አገዙ። ደወሉን አብረው አወረዱና በቦታው ባንዲራቸውን ሰቀሉ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ያለውን መንደር አቃጠሉ። በጠመንጃው የሞተው ገና ሳይቀበር ጠመኔው ደረሰ፤ ሁለተኛው መርከብ የጫነው መምህራን ነበርና።

የመርከብ ሰዎች እንደ ደወል ሰዎች ንፉግ አልነበሩም። ቋንቋቸውን በነጻ አደሉ፤ አልፈልግም ላለውም አደሉ። ማንጎው ከነቅጠሉ በመስኮት እየገባ፣ ተማሪው አይቶት ስለማያውቀው ፖም «ቀይ ነው፣ ጣፋጭ ነው» እያለ ይምል ጀመር። ማንጎ ያለ ልጅ ጥግ ይቆማል። እናቶችም ልጆቻቸው ቤት ሲገቡ በማያውቁት ቃል ሲናገሩ ሰምተው፣ ከኩራትና ከፍርሃት የትኛውን እንደሚመርጡ ግራ ገባቸው።

የመርከብ ሰዎች አለቃ «የመርከቡ አባት» ይባላል፤ መርከቡን የወለደው እሱ ባይሆንም። ይህ ሰው በወደቡ ላይ ቆሞ ለሕዝቡ ቃል ገባ። ቃሉ ይህ ነው፤ «እኛ እዚህ የምንቆየው እስክትበስሉ ብቻ ነው። ከእናንተ አንዱ በቋንቋችን እንከን የማይወጣለት ታሪክ የጻፈ ዕለት፣ በዚያው ዕለት መልሕቃችንን ነቅለን እንሄዳለን።»

ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። እንከን የሌለው ነገር በሰማይም በምድርም እንደማይገኝ ያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም። ጎበዝ ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን እያየ «የኔ ልጅ ነጻ ያወጣናል» አለ።

የሚዛን ቀን የተባለው በዓል እንዲህ ተጀመረ። በወደቡ አደባባይ ትልቅ የነሐስ ሚዛን ይቆማል። በአንዱ ወገን ታሪኩ፣ በሌላው ወገን የመርከብ ሰዎች መዝገበ ቃላት ይቀመጣል። ምን እንደሚመዘን ማንም አልገባውም፤ ሁልጊዜ ግን መዝገበ ቃላቱ ይከብድ ነበር። ከዚያ ሹማምንቱ ይቀመጣሉ። ከሁሉ በላይ ሊቀ ሚዛኑ አለ። የነጠላ ሰረዝ ሹም አለ። የበረዶ ሹምም አለ። የዚህ ሹም ሥራ በየታሪኩ ውስጥ እንደ ጥጥ እየተባዘተ ከሰማይ የሚወርድ በረዶ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ በረዶ የሌለበት ታሪክ ለመርከብ ሰዎች ታሪክ አይመስላቸውምና። ሹሙ ራሱ የደሴቱ ተወላጅ ስለ ሆነ በረዶ አይቶ አያውቅም። ስለ በረዶ ሲናገር ግን ትከሻውን ሰብሰብ ያደርግ ነበር።

እንከኑ ሲገኝ ሊቀ ሚዛኑ ጮክ ብሎ ያነብበዋል። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ «ይታረማል» ይላል። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «ለከርሞ» ብሎ ይመልስና ወደየቤቱ ይሄዳል። ልጅ ተወልዶ የመጀመሪያ ቃሉ «ለከርሞ» የሆነበት ቤት ነበር ይባላል።

ነገር ግን ከርሞ እየመጣ በሄደ ቁጥር አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ያዩትን ሳይሆን ያነበቡትን ጻፉ። የደሴቱን ገበሬ ካፖርት አለበሱት፤ የማንጎውን አበባ የፖም አበባ አሉት። ከእነሱ በኋላ የመጡት ካፖርቱን አወለቁለት። ቀጥሎ የመጡት ደግሞ በዚያ በባዕድ ቋንቋ ውስጥ የአያቶቻቸው አነጋገር ሲተነፍስ ሰሙ። ዓረፍተ ነገሩ የመርከቡ ነው፤ አካሄዱ ግን በባዶ እግሩ በሩዝ ማሳ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ነበር። ይህን የመርከብ ሰዎች አላስተዋሉም። ነጠላ ሰረዝ ሲለቅሙ የት ያስተውሉታል።

ሉማያ ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ናት። የተወለደችው የጨው መንደር በሚባል ቦታ ነው። ይህ መንደርም ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበርና እሷ ሕፃን ሳለች ተቃጥሏል፤ እናቷም የሞተችው በዚያ እሳት ነው። ያሳደገቻት አክስቷ እትዬ ቱሊ ጨው ነጋዴ ናት፤ ምላሷ ከምትሸጠው ነገር እንደማይለይ ገበያው ሁሉ ያውቃል። ያስተማሯት ደግሞ የኔታ ካዋን ናቸው። እኚህ ሽማግሌ ከመርከብ ሰዎች ቋንቋውን መጀመሪያ የተማሩ የደሴቱ ሰው ሲሆኑ፣ በሚዛኑ ቀን ታሪኩን ለሕዝብ የሚያነብቡት፣ የመርከቡ አባት የሚናገረውንም የሚያስተረጉሙት እሳቸው ነበሩ። ለዚህ አገልግሎታቸው በደረታቸው ላይ የመዳብ መልሕቅ ተሰክቶላቸዋል።

ሉማያ አድጋ እሷም መምህር ሆነች። ከዕለታት በአንዱም ስለ ጨው መንደር ታሪክ ጽፋ ወደ ሚዛን አመጣች።

የኔታ ካዋን አነበቡት። ታሪኩ የሚጀምረው «ከእሳቱ በኋላ እኛ እንደገና ጨው መልቀም ጀመርን» በሚል ነው። አመዱ ከጨው ጋር እንዴት እንደ ተቀላቀለ፣ ሴቶቹ ግራጫውን ጨው እንዴት እንዳጠቡት፣ ማጠብ ስላልቻሉም እንዳለ እንደ በሉት ይናገራል። የመርከቡ አባት እንባውን በመሐረብ ጠረገ።

ሹማምንቱ ሥራቸውን ጀመሩ። የነጠላ ሰረዝ ሹም ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለገ፤ አጣ። የበረዶ ሹም ግን ፊቱ በራ። ሉማያ ባንዱ ቦታ ላይ «በረዶን ያላየ ሰው፣ በረዶ ምን እንደሚመስል ቢጠየቅ ጨው ይላል» ብላ ጽፋ ነበር።

«በረዶ አለ» አለ ሹሙ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጎረቤቱን «ለካ ጨው ነው የሚመስለው» አለው።

ታሪኩ በሚዛን ላይ ሲወጣ ሚዛኑ እኩል ቆመ። የጨው መንደር ወረቀት የባሕር እርጥበት ጠጥቶ ስለ ከበደ ነው የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ መዝገበ ቃላቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ብድግ ሲል ሕዝቡ አየ። ሊቀ ሚዛኑ ላቡን ጠረገ። ዓሣ አጥማጆቹ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ወደ ወደቡ ሮጠው፣ መርከቡ ሲወጣ እንዳይደናቀፍ ብለው ጀልባዎቻቸውን ከመንገዱ ማንሣት ጀመሩ።

ይሄን ጊዜ የበረዶ ሹም ደነገጠ። መርከቡ ከሄደ እሱ የምን ሹም ነው? ደንግጦም አሰበ፤ አስቦም እጁን አነሣ።

«ጌቶቼ፣ አንድ ነገር አለ። ይህ ‹እኛ› የሚለው ቃል የትኛው ነው?»

እዚህ ላይ ስለ ደሴቶቹ ቋንቋ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ቋንቋ «እኛ» ሁለት ነው። የሚሰማውን ሰው ጨምሮ ሲሆን «ናዮ» ይባላል፤ ሰሚውን ሳይጨምር ሲሆን «ኪም» ይባላል። «ናዮ እንበላለን» የተባለ እንግዳ እጁን ይታጠባል፤ «ኪም እንበላለን» የተባለ ባርኔጣውን አንሥቶ ይወጣል። በዚህ የሚሳሳት የደሴቱ ልጅ የለም። በመርከቡ ቋንቋ ግን «እኛ» አንድ ብቻ ነው፤ እንግዳውም ባለቤቱም፣ የገረፈውም የተገረፈውም በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የመርከብ ሰዎች «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ሲሉ የደሴቱ ሰው ሁልጊዜ በሆዱ «የትኛው?» ይል ነበር፤ ጮክ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የበረዶ ሹም ይህን ሲያስረዳ የመርከቡ አባት መሐረቡን ኪሱ ከተተ።

«በዚያ ‹እኛ› ውስጥ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ የለሁበትም ማለት ነው? እኔ እኮ አለቀስኩ።»

ሊቀ ሚዛኑ ብይኑን ለማሰብ ጊዜ ጠየቀ። በመርከብ ሰዎች ሕግ ምንም ነገር ከምሳ በፊት አይበየንም። ስለዚህ ሁሉም ለምሳ ተነሣ።

የኔታ ካዋን ሉማያን ዓሣ በሚደርቅበት ዳስ ጥላ ሥር አገኟት። እትዬ ቱሊ አጠገቧ ተቀምጣ በጨው ከረጢቷ ላይ ክንዷን አስደግፋለች።

«ልጄ» አሉ የኔታ፣ «‹ናዮ› ነው በያቸው።»

«የኔታ፣ ከእሳቱ በኋላ ጨው የለቀመው ማን ነው?»

«እሱን አውቃለሁ።»

«የመርከቡ አባት ለቅሟል?»

«አልለቀመም።»

«እሳቱን የለኮሰው ማን ነው?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።» የኔታ ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። እኔም በጉብዝናዬ ታሪክ ጽፌ ነበር። የጣለኝ ምን እንደ ሆነ ታውቂያለሽ? በሐምሌ በረዶ አወረድኩ። ‹በአገራችን በሐምሌ በረዶ አይወርድም› አሉኝ። እኔ መቼ እንደሚወርድ በምን ልወቅ? ጎንበስ ብዬ ‹ይታረማል› አልኩ። ከዚያ ወዲህ የሌላውን ሳርም ኖርኩ። አሁን አንዲት ቃል ናት የቀረችው። አንዲት ውሸት። መርከቡ ይሄዳል።»

«‹ናዮ› ነው ብል ምን ይላሉ መሰለዎት?» አለች ሉማያ። «‹እሰይ፣ እንግዲያው አንድ ነን። ሰው ከገዛ ቤቱ ወዴት ይሄዳል?› ነው የሚሉት። ‹ኪም› ነው ብል ደግሞ ‹በቋንቋችን እንዲህ ያለ እኛ የለም፤ እንከን ነው› ይሉኛል። በሁለቱም በር ቆመዋል፣ የኔታ።»

ሽማግሌው በደረታቸው ላይ ያለውን መልሕቅ ነካ ነካ አደረጉት።

«ታዲያ በየትኛው ልትወጪ ነው?» አለች እትዬ ቱሊ።

«እስኪ በግድግዳው ልሞክር።»

«ቁርጥ እናትሽን። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ በግድግዳ ነበር የምትወጣው።»

«ቱሊ፣ አንቺ ልጂቱን አታሳስቻት» አሉ የኔታ።

«እኔማ ምን አውቃለሁ፣ ጨው ነው የምሸጠው። ግን ገበያ ላይ ሚዛኑ የነጋዴው፣ ድንጋዩም የነጋዴው፣ ዳኛውም የነጋዴው ወንድም ከሆነ፣ እኛ ዕቃችንን ይዘን ወደ ቤት ነው የምንመለሰው።»

ከምሳ በኋላ አደባባዩ ሞላ። ዓሣ አጥማጆቹ ከወደቡ ተመለሱ፤ ጀልባዎቻቸው በአሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ የውሃው መንገድ ባዶ ነው። ሁሉም ሉማያን ያያል። ዐይናቸው ውስጥ ያለው ነገር ልመና ነበር፤ ከዛቻ ይልቅ የሚከብድ።

«አንቺ ልጅ» አለ ሊቀ ሚዛኑ። የኔታ ወደ ደሴቱ ቋንቋ መለሱት። «ይህ ‹እኛ› ናዮ ነው ወይስ ኪም?»

ሉማያ በመርከቡ ቋንቋ መለሰች። «ጌታዬ፣ እኔ የጻፍኩት በእናንተ ቋንቋ ነው። የቃሉን ትርጉም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የመርከቡ አባት ‹እኛ እዚህ የምንቆየው እስክትበስሉ ነው› ሲሉ፣ ያ የትኛው ነበር?»

«ጥያቄ የምንጠይቀው እኛ ነን» አለ ሊቀ ሚዛኑ።

«የትኛው እኛ?» አለ ከሕዝቡ መካከል አንድ የሴት ድምፅ። እትዬ ቱሊ ናት። በዚያ አደባባይ በሚዛን ቀን ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ሳቁ በየቦታው እየተፈናጠረ ዞረ። ወደ ኋላ የቆሙት ምን እንደ ተባለ ሳይሰሙ ሳቁ።

ሊቀ ሚዛኑ ጠረጴዛውን መታ። «መልሺ። አለዚያ ታሪክሽ ከሚዛን ይወርዳል።»

«እኔ ራሴ አወርደዋለሁ» አለች።

ሄዳ ወረቀቱን ከነሐሱ ላይ አነሣች። መዝገበ ቃላቱ ጓ ብሎ ወረደ። ከነጠላ ሰረዝ ሹም ፊት ብዕሩን ወሰደች፤ ሹሙም ለእርማት መስሎት ቀለሙን አቀረበላት። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «እኛ» የሚለውን ሰርዛ፣ በላዩ ላይ በጉልህ ፊደል «ኪም» ብላ ጻፈች። ከፊቱ ያሉት ቃላት የመርከቡ ናቸው፤ ከኋላው ያሉትም የመርከቡ ናቸው፤ በመካከላቸው የጨው መንደር ቃል ተቀመጠ። ወረቀቱን ዘርግታ ለሹማምንቱ አሳየች።

«ይህ ቃል በቋንቋችን የለም» አለ ሊቀ ሚዛኑ።

«እስከ ዛሬ አልነበረም።»

«ስህተት ነው።»

«አዎ፣ ስህተት ነው። የኔ ነው። እንዳትነኩት።»

በሊቀ ሚዛኑ ፊት ላይ እፎይታ ታየ። የሚያውቀው መንገድ ላይ ተመልሶ ገብቷልና። ተነሥቶ በሥርዓቱ መሠረት «እንከን ተገኝቷል» ብሎ አወጀና ጸሐፊዋ ጎንበስ እስክትል ጠበቀ። ሉማያ እንደ ቆመች ቀረች። ወደ ሕዝቡ ዞሮ የሕዝቡን ቃል ጠበቀ። አንድ ሽማግሌ ከልማድ «ለ...» ብሎ ጀመረና ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ።

መጀመሪያ የተናገረው ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ ነው፤ ቁጣው ግን በሹማምንቱ ላይ አልነበረም።

«ለአንዲት ቃል ብለሽ!» አለ ለሉማያ። «ጀልባዬን አንሥቼ፣ መንገዱን ጠርጌ... ሊሄዱልን ነበር እኮ። ‹ናዮ› ብትይ ምን ነበረበት? አፍሽ ይቆስል ነበር?»

ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። አባቱም አያቱም ይህችን ቀን ሲጠብቁ ኖረው «ለከርሞ» እያሉ የሞቱ ናቸው። ሉማያ ቀርባ ቆመች። የመለሰችለት በደሴቱ ቋንቋ ነው።

«ወንድሜ፣ ይህችን ቢያልፉልኝ ከርሞ ፖሙ የት አለ ይሉኛል። እንከን የሚፈልግ ሰው እንከን አጥቶ አያውቅም። ጽፈን የምናስወጣቸው ቢሆን ኖሮ የኔታ ካዋን ድሮ አስወጥተዋቸው ነበር። መርከቡን የምናስወጣበት መንገድ ሌላ ነው፤ እሱን አብረን እንፈልጋለን። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ለሚዛን አልጽፍም።»

«ታዲያ ቋንቋቸውን መልሽላቸዋ!»

«አልመልስም። በነጻ አይደለም የሰጡኝ። ጥግ ቆሜበታለሁ። የእናቴን ሞት የጻፍኩበት ነው። ከእንግዲህ እሱም የኔ ነው፤ የእናቴም ቋንቋ የኔ ነው። ሁለቱንም እንደ ፈለግኩ አደርጋቸዋለሁ፤ ይጋባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ያን የሚፈርድ ነሐስ የለም።»

የዓሣ አጥማጁ ቁጣ ግን አልበረደም፤ ቶሎ ይበርዳል ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር እሱ ጨዋታ እያሳመረ ነው። አሸዋውን በእግሩ እየጫረ ቆመ።

«እንግዲህ» አለች እትዬ ቱሊ፣ የጨው ከረጢቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ራሷም በላዩ ተቀምጣ፣ «መቆጣቱ አይቀርም። ግን እንዲያው በደፈናው ከምንቆጣት፣ ያረመችውን አንብባልን ሰምተን ብንቆጣት አይሻልም? ነይ እስኪ። እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ሉማያ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንድ ሁለት ሴቶች ቀረቡ። ቀጥሎ ልጅ ያዘለች አንዲት፣ ቀጥሎ ተማሪዎቿ፣ ቀጥሎ ዓሣ አጥማጆቹ። ያ የተቆጣው ሰው አልተቀመጠም፤ ግን ጆሮ ለመስጠት ያህል ጠጋ አለ። ሊቀ ሚዛኑ «ጉባኤው አልተዘጋም» እያለ ከኋላቸው ሲናገር ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበርና ድምፁ ከወደቡ የባሕር ወፍ ጩኸት ጋር ተደባለቀ።

«ከእሳቱ በኋላ ኪም እንደገና ጨው መልቀም ጀመርን» ብላ አነበበች።

ቃሉ ሲደርሳቸው የሴቶቹ ትከሻ ሲነቃነቅ ታየ። ከዚያ በኋላ እያነበበች ሳለ ሌሎችም ቃላት በወረቀቱ ላይ ሳይኖሩ ገቡ። ጨው የሚያደርቀውን የምዕራብ ነፋስ በመንደሩ ስሙ ጠራችው። የግራጫውን ጨው ስም፣ ሰው ሬሳ ሳያገኝ ሲቀር የሚለቀስበትን የልቅሶ ዓይነት፣ ልጆች እናታቸውን የሚጠሩበትን የቁልምጫ ቃል እየመዘዘች በመርከቡ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰካቻቸው። ዓረፍተ ነገሩ አልተሰበረም። እንደ ተጫነ ጀልባ ትንሽ ጠለቅ አለና ሄደ። ትምህርት ቤት የገባው ላልገባው በሹክሹክታ ያስረዳል፤ ያልገባው ደግሞ የነፋሱን ስም ላላወቀው ተማሪ ያስረዳል። ያ የተቆጣው ዓሣ አጥማጅ «የነፋሱን ስም አሳስተሽዋል፤ እሱ የጠዋቱ ነው» አለ። ሉማያ አመሰግናለሁ ብላ አረመችው፤ ማንበቧንም ቀጠለች።

የመርከቡ አባት ከወንበሩ ተነሥቶ እስከ ክቡ ጫፍ መጣ። ቋንቋው የራሱ ነው፤ በልጅነቱ ጡት እየጠባ የሰማው ነው። አንገቱን አስግጎ አዳመጠ፤ ግማሹን ያዘው፤ ግማሹ አመለጠው። ሰዎቹ ባንድ ቦታ ላይ ሲስቁ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባውም። ወዲያው ደግሞ ዝም ሲሉ ለምን እንደ ሆነ አልገባውም።

የኔታ ካዋን ከፊቱ፣ ከሕዝቡ ኋላ ባለው ረድፍ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። የመርከቡ አባት ጎንበስ ብሎ በጣቱ ትከሻቸውን ነካ አደረገ።

«ምን አለች?» አለ። «አስተርጉምልኝ።»

የኔታ ካዋን ሰምተዋል። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሴቶቹ ጨዉን ይዘው ወደ ውሃው የሚወርዱበት ቦታ ላይ ተደርሶ ነበርና፣ ዞር አላሉም።